ከባሩዱ በፊት ሚዛኑ

ለረጅም ርቀት ኢላማ የሚሆን ጥይትን በእጅ ስለማዘጋጀት የተደረገ ምልልስ

የሚነጋገሩት ሁለት ጎንደሬዎች ናቸው። አጎት ለረጅም ዘመን ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የእህታቸው ልጅ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የብረታ ብረት ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው በረጅም ርቀት የኢላማ ተኩስ ይወዳደራል። ወሬው የተነሣው ከምሳ በኋላ፣ ጎንደር ከተማ በአጎት ቤት ነው።

አጎት፦ እናትህ «ልጁ ማታ ማታ ጥይት ይሠራል» ስትለኝ ደንግጫለሁ። እዚህ አገር ጥይት ይሠራል የሚባል መንግሥት ነው፤ መንግሥት ካልሆነ ወንጀለኛ ነው። አንተ ከየትኛው ወገን ሆንህ?

የእህት ልጅ፦ አይደንግጡ ጋሼ። እኔ ባለሁበት አገር ለራስ መተኮሻ ጥይት መሙላት በሕግ የተፈቀደ ነው። የምተኩሰውም ወረቀት ላይ ነው። ኤፍ ክላስ የሚባል ውድድር አለ። ፋርኩሃርሰን የሚባሉ ካናዳዊ ተኳሽ ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይንና ክንድ ሲደክምባቸው፣ በጉልበት መያዙ ቀርቶ ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ አሳርፈን፣ በመነጽር አልመን እንተኩስ ብለው ያስጀመሩት ነው። ስሙም ከእሳቸው የመጣ ነው። የሩቁ ርቀት 1000 ያርድ ነው፤ 914 ሜትር መሆኑ ነው። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አጎት፦ እንግዲያው ጥይቱን ከሱቅ አትገዛም?

የእህት ልጅ፦ የፋብሪካ ጥይት የሚሠራው በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም የዚያ ዓይነት ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ በደኅና እንዲተኮስ ነው። ለሁሉም ስለሚበቃ ለአንዱም በልኩ የተሰፋ አይደለም። የእኔው ደግሞ ከነጭራሹ ሱቅ ውስጥ የለም። ዋይልድካት ከሚባሉት ወገን ነው። አንድ ሰው የታወቀ ቀለህ ይወስድና አንገቱን ያጠባል፣ ወይም ትከሻውን ይገፋል፤ ለዚያ ቅርጽ የሚስማማ በርሜል ያስቀርጻል። ፋብሪካ አያመርተውም፤ ልኩን ያጸደቀ አካል የለም፤ ስንት ባሩድ እንደሚበቃው የሚናገር መጽሐፍም አልታተመለትም።

አጎት፦ ቀለህ ስትል፣ ተኩሰው የሚጥሉት? እዚህ እኮ ልጆች ለቅመው የሚያፏጩበት ነገር ነው።

የእህት ልጅ፦ እሱን ነው የምልዎት። ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ቂጡ ላይ ያለችው መለኮሻ፣ ባሩዱና ጫፉ ላይ የሚቀመጠው አረር። ሦስቱ አንዴ ከሄዱ ሄዱ ነው። ቀለሁ ግን ጥሩ ናስ ከሆነ፣ 70 በመቶ መዳብ 30 በመቶ ዚንክ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ይሠራል። ሲተኮስ ለጠጥ ብሎ የበርሜሉን ግድግዳ ይይዛል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ መንገዱን የሚዘጋው እሱ ነው። ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይወጣል። በሥርዓት ከተያዘ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ይሞላል።

አጎት፦ የአንተው ከየትኛው ቀለህ ተወለደ?

የእህት ልጅ፦ እርስዎ ከሚያውቁት። ከክላሽ።

አጎት፦ ክላሽ? አርባ እርምጃ ላይ የሚበትነው?

የእህት ልጅ፦ የሚበትነው ጠመንጃውና የተሞላበት መንገድ ነው፤ ቀለሁ አይደለም። የክላሽ ጥይት፣ ባለ 7.62 በ39 የሚባለው፣ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1943 የነደፉት ነው። ኋላም ራሳቸው አንገቱን ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር አጥብበው ለአደንና ለኢላማ አደረጉት። ያንን ቀለህ ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን አገኙት፤ ሐኪሙ ሉ ፓልሚሳኖና የብረት ሥራ ባለሙያው ፌሪስ ፒንዴል። እ.ኤ.አ. በ1975 አንገቱን 6 ሚሊ ሜትር አደረጉት፣ ትከሻውንም 30 ዲግሪ ቀረጹት፣ ሲክስ ፒፒሲም ተባለ። በአጭር ርቀት፣ ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚደረግ ተኩስ ለብዙ ዓመታት የሚስተካከለው አልተገኘም፤ አምስት ጥይት ተተኩሶ አንድ ቀዳዳ ነው የሚመስለው። ከዚሁ ዘር እ.ኤ.አ. በ2003 6.5 ግሬንደል የሚባል ለሩቅ የሚሆን ወጣ። እኔ የግሬንደሉን ቀለህ ወስጄ አንገቱን ወደ 6 ሚሊ ሜትር አጠበብኩት።

አጎት፦ ስለዚህ በየሜዳው የወደቀው የክላሽ ቀለህ ሁሉ ሀብት ነው በለኛ።

የእህት ልጅ፦ አይደለም ጋሼ፤ ይሄን ሰው ቢሰማው ደስ ይለኛል። አብዛኛው የክላሽ ቀለህ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ እንደ ናስ ለጠጥ ብሎ አይመለስም፣ ደጋግሞ ለመሙላት አይሆንም። መለኮሻውም ቤርዳን የሚባለው ዓይነት ነው። የእሳቱ ቀዳዳዎች ሁለት ሆነው በጎንና በጎን ስላሉ ያለቀውን መለኮሻ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። እኛ የምንሞላው ቦክሰር የሚባለውን ነው፤ ቀዳዳው አንድ ነው፣ መሐል ላይ ነው።

አጎት፦ ቦክሰርን ተወው፤ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ከእኛ ጋር ሒሳብ ያለው ስም ነው። በፊት ግን አንድ ነገር ልከራከርህ። እኔ ያደግሁት አልሞ ተኳሽ በሚከበርበት አገር ነው። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ወገራ ብትሄድ ሰው የሚያነሣው የተኳሹን ዓይንና ትንፋሽ ነው። ምንሽር ይሁን ቤልጅግ፣ ጀግና ከያዘው ይመታል ይሉሃል። አንተ ግን ጀግንነቱን ሁሉ ለቀለህ ሰጠኸው።

የእህት ልጅ፦ ዓይንና ትንፋሽ እስከ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሜትር የማይሠሩት ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ ግን ሰውየው ሊያርመው የማይችለው ነገር ይመጣል። ሁለት ጥይት ከአንድ በርሜል ይውጡ፤ አንዱ ከሌላው በሴኮንድ 10 ሜትር ይፍጠን። መቶ ሜትር ላይ ልዩነታቸውን አያዩትም። 914 ሜትር ላይ ግን ቀርፋፋው ከፈጣኑ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ያርፋል። ተኳሹ ሳይነቃነቅ፣ ነፋስ ሳይነፍስ አሥር ነጥቡ አመለጠው ማለት ነው። ያ ስሕተት የተሠራው ሜዳ ላይ አይደለም፤ ከሳምንት በፊት ሚዛን ላይ ነው።

አጎት፦ ፍጥነት ካነሣህ ጎንደር የራሷ ምስክር አላት። ያዕቆብ ይሉት የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. እዚህ መጥቶ ነበር፤ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነው። ከራስ ሚካኤል ነፍጠኞች አለቃ ጋር ማን ይተኩሳል ተባብለው ተከራከሩ። ብሩስ «በአንተ ጠመንጃ ውስጥ ካለው የብረት አረር ይልቅ በእኔ ውስጥ ያለች ቁራጭ የሞራ ሻማ የበለጠ ትሠራለች» አለ። በቃሉም መሠረት ሻማዋን ተኩሶ ሦስት ጋሻ በሳ፤ ከዚያም የሾላ እንጨት ጠረጴዛ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው እንደ ተአምር ነበር የሚሰሙት።

የእህት ልጅ፦ ተአምር የለበትም፤ የፍጥነት ሥራ ነው። የሚወረወር ነገር ጉልበት በክብደቱ ልክ ያድጋል፤ በፍጥነቱ ግን በእጥፍ ድርብ ያድጋል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሞራውም በዚያ ፍጥነት ለመበተን ጊዜ አያገኝም። እንግዲህ ብሩስ ያሸነፈው በበረታ ክንድ አይደለም፤ በርሜሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ስላወቀ ነው።

አጎት፦ ይሁን። አሁን እንዴት እንደምትሠራው ንገረኝ። መጽሐፍ ከሌለው በምን ትጀምራለህ?

የእህት ልጅ፦ በውሃ። ቀለሁን ባዶውን እመዝነዋለሁ። ከዚያ በመርፌ ጠብ እያደረግኩ እስከ አንገቱ ጫፍ በውሃ እሞላዋለሁ፤ የአየር አረፋ እንዳይቀር በጣቴ እያንኳኳሁ። ላዩ እንደ መስተዋት ሜዳ ሲሆን እንደገና እመዝነዋለሁ። ልዩነቱ የሆዱ ስፋት ነው። ይህን ከብዙ ቀለሆች ላይ ወስጄ ከዘመዶቹ ጋር አስተያየዋለሁ፤ ልካቸው የታተመ፣ ግፊታቸው በመሣሪያ የተለካ ዘመዶች አሉት። ሆዱ ከነሱ ካነሰ ባሩዱም ያንሳል። የመጀመሪያው ልክ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጀመረው፤ ከታተመው ትንሹ ልክ።

አጎት፦ ከዚያ ትተኩሳለህ?

የእህት ልጅ፦ ከዚያ ቀለሁን በእሳት አስተካክለዋለሁ። አዲሱ በርሜል ውስጥ በልዝብ ልክ ሲተኮስ ናሱ ራሱ የበርሜሉን ጓዳ ቅርጽ ይይዛል። አንገቱ በመጥበቡና በመለጠጡ ስለሚደርቅ በነበልባል አሙቄ አለዝበዋለሁ፤ ያለዚያ ይሰነጠቃል። ርዝመቱን እቆርጣለሁ፣ አፉን እሞርዳለሁ። ቀጥሎ የባሩዱ መሰላል ይመጣል። በየደረጃው 20 ሚሊ ግራም ያህል እየጨመርኩ ጥቂት ጥቂት ጥይት እሞላለሁ፤ እየተኮስኩ ፍጥነቱን በመሣሪያ እለካለሁ። የምፈልገው ትልቁን ፍጥነት አይደለም፤ ጥይቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሄዱበትን ቦታ ነው። እሱን ሳገኝ የባሩዱን ልክ እተወውና አረሩ አንገት ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቀመጥ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀስኩ እፈትሻለሁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

አጎት፦ ሚዛንህ ምን ያህል ይሰማል?

የእህት ልጅ፦ አንዲት የባሩድ ፍሬ። ክብደቷ 1 ሚሊ ግራም ያህል ናት። በወረንጦ አንስቼ ሳህኑ ላይ ስጥላት ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። ለዚያ ነው በር ተዘግቶ፣ ስልክ ከክፍሉ ወጥቶ የሚሠራው። እያንዳንዱ ልክ፣ ሙቀቱ፣ ቀኑ፣ የባሩዱ ቆርቆሮ ቁጥር ሳይቀር ደብተር ላይ ይገባል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ይቅርና ከቆርቆሮ ቆርቆሮ የባሩድ ጠባይ ይለያያል።

አጎት፦ መሰላሉስ የት ላይ ያልቃል? አንድ ቀን አንዱ ደረጃ ይሰበራል እኮ።

የእህት ልጅ፦ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሞተው። የክላሽ ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 355 ሜጋ ፓስካል ነው፤ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 3500 ጊዜ ይበልጣል። ያ ሁሉ ከፊትዎ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ባሩድ ደግሞ በጨመሩለት ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ግፊቱ ባደገ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ግፊቱ ይበልጥ ያድጋል። ቀለሁ ምልክት ይሰጣል፦ መለኮሻዋ ተደፍጥጣ ትጠፈጠፋለች፣ ቂጡ ላይ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ይወጣል፣ የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈት ይላል። አንዱን ያየ ሰው በዚያው ይቆማል፣ ይመለሳል። ምልክቱ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ከልኩ ካለፉ በኋላ ስለሆነ በምልክት ብቻ የሚመራ ሰው ዘግይቷል።

አጎት፦ አሁን ወደ ቦክሰር ልመለስ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር አሮጌ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ስንዋጋ የሆነውን ታውቃለህ። አፄ ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ያስቀለጡት ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ዋልድማየርና ጓደኞቹ፣ ሃይማኖት ሊያስተምሩ የመጡት፣ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ ደገሙት። በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። አሮጌ ላይ ግን ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ከመጠን በላይ ባሩድ ተጎርሶ ነበር ይላሉ በቦታው የነበሩት።

የእህት ልጅ፦ ድርብ ሙሌት ማለት ነው። ዛሬም ጠረጴዛ ላይ ከሚሠሩት አደገኛ ስሕተቶች አንዱ እሱ ነው። አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ መሙላት።

አጎት፦ የቀረውን ስማ። እንግሊዞች የያዙት ስናይደር የሚባል፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ጥይቱን የነደፈው የዉልዊች ግምጃ ቤት ሹም ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ነው። መለኮሻ፣ ባሩድና አረር በአንድ ቀለህ ታሽገው። የእኛ ሰው አብዛኛው በአፈሙዝ የሚሞላ ነፍጥና ጦር ነው ያለው፤ ያን ቀን ደግሞ ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። ከእኛ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእነሱ 20 ቆሰሉ፣ ሁለቱ ሞቱ። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያው ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። ይህን አርባ ዓመት ሳስተምር «መሣሪያ አነሰን» እያልሁ ነው። አንተ ዛሬ ስታወራ ነው ሌላ ነገር የታየኝ። መሣሪያ ብቻ አይደለም ያነሰን፤ አንዱን ሙሌት ከሌላው ጋር እኩል የሚያደርግ ልክ ነው። ልኩ በተኳሹ እጅ ነበር፤ እጅ ደግሞ በጦር ሜዳ ይንቀጠቀጣል። እነሱ ልኩን ሜዳ ከመድረሳቸው በፊት በፋብሪካ ውስጥ ጨርሰውት መጡ።

የእህት ልጅ፦ እኔም የማስበው እሱን ነው ጋሼ። ጀግንነት ሜዳ ላይ ይጨመራል፤ ልክ ግን ሜዳ ላይ አይጨመርም።

አጎት፦ ጥይት ከዚያ በኋላ በእኛ አገር እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ነበር፤ ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ጥይት ገበያ ወጥቶ ዕቃ ይገዛ ነበር። ምን ያህል እንደሚወደድ ሁሉም ያውቃል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የእህት ልጅ፦ ውጅግራ ጥቁር ባሩድ የሚጎርስ ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ገና አልተፈለሰፈም፤ ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ነው ያገኘው። ሁለቱ ባሩዶች ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጥቁሩን በሚሰፍሩበት ስፍር ጭስ አልባውን የሰፈረ ሰው ጠመንጃውን ቦምብ አደረገው ማለት ነው።

አጎት፦ ያንተን ጥይት እዚህ ብታመጣው፣ እንዲያው በሐሳብ፣ እንደዚያው ይሠራል?

የእህት ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤፍ ክላስ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ውድድሩን ያደረገው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ራተን በሚባል ቦታ ነው፤ ከፍታው 2000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስሜን ውስጥ ጨነቅ፣ 3600 ሜትር ላይ፣ ሦስተኛው ሊጎድል ትንሽ ይቀረዋል። ፓርክ ስለሆነ እዚያ አይተኮስም፤ ለስሌት ነው የማነሣው። አየሩ ሲሳሳ አረሩን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ያው ጥይት ከፍ ብሎ ያርፋል። ይህን መነጽሩ ላይ አስልቶ ማረም ይቻላል። የሚያስፈራው ሌላው ነው።

አጎት፦ ምኑ?

የእህት ልጅ፦ ሙቀቱ። ደባርቅ ላይ ንጋት፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ አንድ ሰው ልኩን እስከ ጫፉ አድርሶ ሞላ እንበል። ምልክት አላየም፣ ደኅና ነው ብሎ አመነ። ያንኑ ጥይት ይዞ በአንድ ቀን መንገድ መተማ ወረደ፤ በመጋቢት ፀሐይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መኪና ውስጥ አስቀመጠው። ለሙቀት ስስ የሆነ ባሩድ ከሆነ ፍጥነቱ በሴኮንድ 20 እና 30 ሜትር ይጨምራል፤ ግፊቱም አብሮ ያድጋል። ጠዋት ደጋ ላይ ደኅና የነበረው ከሰዓት ቆላ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የእኛን ያህል ደጋና ቆላው የተጠጋጋበት አገር ጥቂት ነው። ለጎንደር ሰው የሚሠራ ጥይት ለሁለቱም ተፈትኖ፣ ከጫፉ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

አጎት፦ እንግዲህ ይህን ሰምቶ እኔም ልሞክር የሚል ጎረምሳ ቢኖርስ?

የእህት ልጅ፦ አይሞክር። ግልጽ ልሁን። ክላሽ ጥይት ከፍቶ ባሩዱን ወደ ሌላ ማዛወር፣ ባሩድ መጨመር፣ ቀለህ በመዶሻ ማቃናት ራስን መግደል ነው። የማያውቁት ባሩድ ጠባዩ አይታወቅም፤ መልኩ ይመሳሰላል፣ የሚነድበት ፍጥነት ግን በብዙ ይለያያል። ሕጉም አለ።

አጎት፦ አዎ፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የሚለው። ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው። አምቦ አካባቢ ያለው ሆሚቾ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ነው፤ የመሣሪያ ፋብሪካ አቋቁመው ስሙን ጋፋት ማለታቸውም መልካም ነው። ግን ስም ብቻውን አይበቃም። የጋፋትን ታሪክ ስናወራ ሴባስቶፖል ትልቅ ነበረ ብለን እንኮራለን፤ ከዋልድማየር ሙከራዎች ውስጥ የቱ ለምን ከሸፈ፣ አሮጌ ላይ ለፈነዳው መድፍ ባሩዱን ማን ሰፈረው ብለን አንጠይቅም።

የእህት ልጅ፦ እኔ ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ኢላማ መምታቱ አይደለም። «ይመስለኛል» የሚለውን ከአፌ አውጥቶልኛል። ለካሁ ወይም አልለካሁም፤ ሌላ መልስ የለም። ተርነር ቤት፣ ማሽን ሾፕ፣ መድኃኒት መቀመሚያ ውስጥ የሚያስፈልገው ጠባይ ይኸው ነው። ይህን ለመማር ጥይት አያስፈልግም።

አጎት፦ እንግዲያው ፍርዴን ልስጥ፤ መምህር ነኝና። ለተኳሹ ክብሩን አልነፍገውም፤ ዓይኑም ትንፋሹም የራሱ ነው። ነገር ግን ከአሮጌ ወዲህ ያለውን ዘመን ሁሉ በጀግንነት እጥረት አልተጎዳንም፤ ልክን ንቀን ነው የተጎዳነው። በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ የምታስተምሩ፣ ለተማሪው ከመዶሻው በፊት ሚዛንና ካሊፐር ስጡት፤ የለካውንም ይጻፍ። ቤቱ ጠመንጃ ያለው ሰው ደግሞ ጥይቱን አይክፈት፣ አይሙላ፣ አይቀላቅል፤ የማያውቀውንም ቀለህ በርሜሉ ውስጥ አያግባ።